ጆን ሐቺንሰንና የሳንባ ልክ

የሕክምና መሣሪያዎችን በመትከልና በመጠገን ሥራ ላይ ለተሰማራን ሁሉ ስፓይሮሜትር እንግዳ ዕቃ አይደለም። በሽተኛው የሚችለውን ያህል አየር ስቦ ባለ በሌለ ኃይሉ ይነፋበታል፤ መሣሪያውም የወጣውን አየር መጀመሪያ በሊትር፣ ቀጥሎም ከጤናማ ሰው ልክ ጋር አመዛዝኖ በመቶኛ ያስታውቃል። ሊትሩን የሚሰጠው መሣሪያው ነው። መቶኛውን የሚሰጠው ግን በመሣሪያው ውስጥ የተቀመጠው ሠንጠረዥ ነው። እኛ የቴክኒክ ሰዎች ስለ መጀመሪያው እንጨነቃለን፤ ስለ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ አንጠይቅም። የዚህ መጽሔት አዘጋጆች የአንድ ታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ ጆን ሐቺንሰንን የመረጥሁት፣ መሣሪያውንና ሠንጠረዡን አጣምሮ ለሕክምና ያበረከተ እርሱ በመሆኑ ነው።

ሐቺንሰን እ.ኤ.አ. በ1811 በሰሜን እንግሊዝ፣ ከኒውካስል ከተማ አጠገብ በምትገኘው ራይተን በተባለች መንደር ተወለደ። አካባቢው የድንጋይ ከሰል የሚቆፈርበት አገር ነበር። ወጣት ሳለ ወደ ለንደን ሄዶ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሕክምና ትምህርት ተከታተለ። ቫዮሊን የሚጫወት፣ ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽም የሚሞክር ሰው እንደነበረ ይነገርለታል። ለታሪካችን ዋነኛ የሆነው ግን ብሪታኒያ ለተባለው የሕይወት መድን ኩባንያ በሐኪምነት ያገለገለበት ጊዜ ነው።

የመድን ኩባንያ ሐኪም ሥራ ከሆስፒታል ሐኪም ሥራ የተለየ ጠባይ አለው። ወደ ሆስፒታል የሚመጣ ሰው ሕመሙን ለመናገር ይመጣል፤ ወደ መድን ኩባንያ የሚመጣ ሰው ግን ጤናማ መሆኑን ለማስመስከር ይመጣል። ስለዚህ የኩባንያው ሐኪም ያልተነገረውን፣ ምናልባትም ባለቤቱ ራሱ ገና ያላወቀውን ሕመም ፈልጎ ማግኘት ይጠበቅበታል። በዚያ ዘመን ከሁሉ ይልቅ የሚፈራው የሳንባ ነቀርሳ ነበር። የበሽታው ባክቴሪያ በሮበርት ኮኽ የተገኘው በ1882፣ የኤክስሬይ ጨረር የታወቀው በ1895 መሆኑን እናስታውስ። በሐቺንሰን እጅ የነበረው፣ ፈረንሳዊው ላኤኔክ በ1816 የፈለሰፈው የደረት ማዳመጫና የገዛ ጣቶቹ ብቻ ነበሩ። ጆሮና ጣት ደግሞ የሐኪሙን ችሎታ ተከትለው ይለያያሉ፤ አንዱ የሰማውን ሌላው አይሰማም። ሐቺንሰን የፈለገው ማንኛውም ሠራተኛ ሊያነብበው የሚችል ቁጥር ነው።

ትንፋሽን ለመለካት የመጀመሪያው ሰው እርሱ አልነበረም። በ17ኛው መቶ ዓመት ጣሊያናዊው ቦሬሊ በአንድ ትንፋሽ የሚገባውን አየር ለመለካት ሞክሮአል፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያም በእንግሊዝ አገር ኬንቲሽና ታክራ የተባሉ ሐኪሞች ፑልሞሜትር ብለው በጠሩት ዕቃ ሠርተዋል። እነዚህ ሁሉ ጥቂት ሰዎችን ለክተው አቁመዋል።

የሐቺንሰን ስፓይሮሜትር አሠራር እንዲህ ነው። በቁመቱ ረዘም ያለ ሲሊንደር ውኃ ይሞላበታል። በውኃው ላይ አፉ ወደ ታች የተደፋ ሌላ ሲሊንደር ይንሳፈፋል፤ ይኸኛው በመዘውር ላይ በሚያልፉ ገመዶች ከተንጠለጠሉ ክብደቶች ጋር ሚዛኑ ተጠብቆአል። የሚለካው ሰው በጎማ ቧንቧ ሲነፋ አየሩ በውኃው መካከል በቆመ ቱቦ ወጥቶ ከተደፋው ሲሊንደር ሥር ይጠራቀማል፤ ሲሊንደሩም ወደ ላይ ይነሣል። ከጎኑ ያለው መለኪያ ምን ያህል ኪዩቢክ ኢንች አየር እንደገባ ያሳያል። የከተማ ጋዝ ማጠራቀሚያ ታንኮችን አሠራር የሚያውቅ መሐንዲስ ዝምድናውን ወዲያው ይገነዘባል። የመዘውሩና የክብደቱ ጥቅም ቀላል አይደለም። ሲሊንደሩ ሚዛኑ ባይጠበቅ ኖሮ ሰውየው አየሩን ብቻ ሳይሆን ብረቱንም በትንፋሹ መሸከም ይኖርበት ነበር፤ በደካማ ሕመምተኛ ላይ ደግሞ ይህ ውጤቱን ያዛባል።

ሐቺንሰን በመሣሪያው ላይ ቴርሞሜትር ገጠመ፤ የአየሩንም መጠን በ60 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለት በ15.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ወደሚኖረው ልክ እየመለሰ መዘገበ። ለመሐንዲስ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሁሉም ንባብ በአንድ የሙቀት ልክ ካልተመዘገበ የክረምቱና የበጋው ልኬት አይወዳደሩም። ይሁን እንጂ አየሩ በሳንባ ውስጥ ሳለ 37 ዲግሪ ሙቀትና ሙሉ እርጥበት ያለው ስለሆነ፣ ወደ ቀዝቃዛው ውኃ ሲወጣ ይኮማተራል። በባሕር ጠለል ላይ በ15.5 ዲግሪ የተለካ አየር በሳንባ ውስጥ የነበረውን ልክ ለማግኘት በ1.126 መባዛት አለበት። ይህ ብዜት በከፍታም ይለወጣል። የክፍሉ ሙቀት 20 ዲግሪ ሲሆን ብዜቱ በባሕር ዳርቻ 1.102 ነው፤ የአየሩ ግፊት 580 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ በሆነባት አዲስ አበባ ግን 1.117 ያህል ይሆናል። ልዩነቱ አንድ ከግማሽ በመቶ ቢሆንም መሣሪያው ሲተከል የከፍታው ቁጥር ሳይሞላ የሚቀርበትን ጊዜ ስላየሁ እዚህ ላይ ማንሣቱ አይጠላም።

ሐቺንሰን የሚለካውን ሰው ቀጥ ብሎ እንዲቆም፣ ልብሱን እንዲያላላ፣ እስከ መጨረሻው ስቦ እስከ መጨረሻው በዝግታ እንዲያወጣ ያደርግ ነበር፤ ልኬቱንም ይደጋግመዋል። የለካቸው ሰዎች ዝርዝር የለንደንን ኅብረተሰብ በሙሉ የሰበሰበ ይመስላል። መርከበኞች፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ የከተማና የቴምዝ ወንዝ ፖሊሶች፣ የክብር ዘብ ወታደሮች፣ የማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚዎች፣ የቢራ ጋሪ ነጂዎች፣ ቡጢኞችና ታጋዮች፣ በምጽዋት የሚኖሩ ድሆች፣ መሳፍንት ቀመስ ባለጸጎች፣ ሴቶች፣ ድንኮችና ግዙፎች፣ ሕመምተኞችም አሉበት። የመጀመሪያውን ውጤት በ1844 ለለንደን የስታቲስቲክስ ማኅበር አቀረበ። በ1846 ለንጉሣዊው የሕክምናና የቀዶ ጥገና ማኅበር ባቀረበው ታላቅ ጥናት ግን የተለኩት ሰዎች ቁጥር 2,130 ደርሶ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ልኬት ውስጥ አንድ ሕግ ነጥሮ ወጣ። ሰውየው በአንድ ሙሉ ትንፋሽ የሚያወጣው አየር ከቁመቱ ጋር አብሮ ያድጋል፤ ከ5 እስከ 6 ጫማ ቁመት ባለው መካከል ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ኢንች 8 ኪዩቢክ ኢንች አየር ይጨመራል። የደረት ዙሪያ ስፋት ግን የሳንባውን ልክ አይናገርም። ይህ የዘመኑን ሰው ሁሉ ያስገረመ ነገር መሆን አለበት፤ ዛሬም ቢሆን ደረተ ሰፊ የሆነ ሰው ትንፋሹም የሰፋ ይመስለናል። ከ35 ዓመት ዕድሜ በኋላ ደግሞ በየዓመቱ አንድ ተኩል ኪዩቢክ ኢንች ያህል እንደሚቀንስ አገኘ።

እነዚህን ቁጥሮች ወደ ዛሬው መለኪያ ለውጬ አስልቼአለሁ። 8 ኪዩቢክ ኢንች 131 ሚሊ ሊትር ነው፤ በሳንባ ውስጥ ወደሚኖረው ሙቀትና እርጥበት ሲመለስና ለአንድ ሴንቲ ሜትር ሲካፈል 58 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በ1993 የአውሮፓ የመተንፈሻ አካላት ማኅበር ለወንዶች ባወጣው ስሌት ውስጥ ያለው ቁጥር 57.6 ነው። የዕድሜው ቅናሽ በሐቺንሰን 28 ገደማ ሲሆን በ1993ቱ ስሌት 26 ሚሊ ሊትር ነው። አንድ ሰው በውኃ ገንዳና በመዘውር ያገኘው ውጤት ከአንድ መቶ አርባ ሰባት ዓመት በኋላ ይህን ያህል ተቀራርቦ መገኘቱ እኔን በበኩሌ አስደንቆኛል።

ሐቺንሰን ይህን ልክ ቫይታል ካፓሲቲ፣ ማለት የሕይወት ዐቅም ብሎ ሰየመው። ስሙ እንዲያው ለማሳመር የተሰጠ አልነበረም፤ ቁጥሩ ሲቀንስ የቀረው ዕድሜም ያጥራል ብሎ ያምን ስለነበረ ነው። ለዚህ እምነቱ ማስረጃ ካደረጋቸው ሰዎች አንዱ ፍሪማን የተባለ አሜሪካዊ ቡጢኛ ነበር። ፍሪማን ቁመቱ ወደ 7 ጫማ የሚጠጋ ግዙፍ ሲሆን፣ በ1842 ለውድድር ወደ እንግሊዝ በመጣ ጊዜ ሐቺንሰን ለካው። ንባቡ 434 ኪዩቢክ ኢንች ነበር፤ ይህ ከ7 ሊትር በላይ ነው፤ በሳንባ ሙቀት ቢታሰብ ወደ 8 ሊትር ይጠጋል። ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና በተለካ ጊዜ ዐቅሙ ቀንሶ ተገኘ፤ በሚከተሉት ወራትም እየቀነሰ ሄዶ ከመጀመሪያው አንድ አምስተኛ ያህል ጎደለ። ጆሮ ገና ነገሩን ባላረጋገጠበት ጊዜ ቁጥሩ ይናገር ነበር። ፍሪማን በ1845 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ፍሪማን የተመዘነው ከሠንጠረዥ ጋር ሳይሆን ከራሱ ከቀድሞው ልክ ጋር ነው። ጉድለቱ ከተጀመረ በኋላም ቢሆን የፍሪማን ሳንባ ከአብዛኛው የለንደን ሰው ሳንባ ይበልጥ ነበር። የመጀመሪያው ንባብ ባይኖር ኖሮ ያ ሕመምተኛ ከጤናማዎች ሁሉ በላይ ጤናማ ተብሎ የመድን ውል ይፈረምለት ነበር።

ስፓይሮሜትሩ ከቶ የማያየው አየርም አለ። ሐቺንሰን የሳንባን አየር ከፋፍሎ ስም ሰጥቶአል፤ በዕረፍት ጊዜ የሚገባና የሚወጣው፣ ከዚያ በላይ ሊሳብ የሚችለው፣ ከዚያ በታች ሊወጣ የሚችለው፣ በመጨረሻም ምንም ያህል ቢነፋ የማይወጣው ቀሪ አየር ናቸው። የሕይወት ዐቅም የሚባለው የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ድምር ነው። አራተኛው በውኃ ገንዳ አይለካም፤ ካልወጣ አየር ሲሊንደሩ አይነሣምና። ለዚህ ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል። ኬሚስቱ ሃምፍሪ ዴቪ በ1800 ሃይድሮጅን ጋዝ ተንፍሶ፣ ጋዙ በሳንባው ውስጥ ካለው አየር ጋር ሲቀላቀል ምን ያህል እንደ ቀጠነ በማስላት የራሱን ቀሪ አየር ለክቶ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሁለት ሊትር በሚይዝ ዕቃ ውስጥ 10 በመቶ የሆነ ጋዝ አስቀምጠን ሰውየው በዝግ ቧንቧ ሲተነፍስበት ጋዙ 5 በመቶ ላይ ቢረጋ፣ የተጨመረው የሳንባ አየር ሁለት ሊትር ነው ማለት ነው። ዛሬ በዚሁ መንገድ የምንጠቀመው ሒሊየም ነው፤ አይቃጠልም፣ በደምም ውስጥ እምብዛም አይሟሟም። በ1940 ዳርሊንግ፣ ኩርናንና ሪቻርድስ ነገሩን ገልብጠው፣ ንጹሕ ኦክሲጅን እያስተነፈሱ ከሳንባ ታጥቦ የሚወጣውን ናይትሮጅን መሰብሰብን አሳዩ። በ1956 ደግሞ ዱቦይስና ባልደረቦቹ ሰውየውን በዝግ ሣጥን ውስጥ አስቀምጠው፣ ቧንቧው ለቅጽበት ተዘግቶ ለመተንፈስ ሲሞክር የሚፈጠረውን የግፊት ለውጥ በመለካት የሳንባውን ይዘት በቦይል ሕግ አሰሉ። ጋዝ ሊደርስበት ያልቻለውን፣ በታመመ ሳንባ ውስጥ የታፈነውን አየር ጭምር የሚያሳየው ይኸኛው ዘዴ ነው። ሣጥኑ ግን ዋጋው ውድ፣ ጥገናውም አስቸጋሪ ነው።

ወደ ሐቺንሰን እንመለስ። በብሮምፕተን የሳንባ ሕመምተኞች ሆስፒታል በረዳት ሐኪምነት ሠራ፤ ስለ ደረት አሠራር ረጅም ጽሑፍ አዘጋጀ፤ በ1852ም ስፓይሮሜትርን፣ የደረት ማዳመጫንና ሚዛንን ለመድን ሥራ የሚመክር መጽሐፍ አሳተመ። የሙያ ጓደኞቹ ሥራውን ቢያደንቁም መሣሪያውን በየቤታቸው አላስገቡም። ለዚህ በቂ ምክንያት ነበራቸው። ዕቃው ትልቅ ነው፤ ውኃ ይፈልጋል፤ ውጤቱም በሚለካው ሰው ፈቃደኝነት ላይ ይመሠረታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዐቅም መቀነሱን እንጂ የትኛው በሽታ እንደ ቀነሰው አይናገርም። ሐቺንሰን በዚያው በ1852፣ በአርባ አንድ ዓመት ዕድሜው፣ ባለቤቱንና ልጆቹን በእንግሊዝ ትቶ ወርቅ ወደተገኘባት አውስትራልያ ሄደ። በዚያም ዓመታት ከቆየ በኋላ በ1861 ወደ ፊጂ ደሴቶች ተሻግሮ በዚያው ዓመት ሞተ። ስለ አሟሟቱ አንዳንዱ በበሽታ ነው ይላል፣ ሌላው ተገድሎ ነው ይላል። ዕድሜው ሃምሳ ዓመት ያህል ነበር።

የመሣሪያው ዕጣ ከፈልሳፊው ዕጣ የተሻለ ሆነ። በ1947 ፈረንሳውያኑ ቲፍኖና ፒኔሊ አየሩ ምን ያህል እንደሆነ ብቻ ሳይሆን በምን ፍጥነት እንደሚወጣ መለካት እንደሚገባ ካሳዩ በኋላ፣ ስፓይሮሜትር የአስምና የመሳሰሉት በሽታዎች መመርመሪያ ሆነ። ሐቺንሰን በዝግታ አስነፋ እንጂ ፍጥነቱን አልለካም። የሕይወት ዐቅም የሚለውም ስም ኋላ ትክክለኛነቱ ተመሰከረ፤ በአሜሪካ ፍሬሚንግሃም በተባለች ከተማ ከ1948 ጀምሮ የተካሄደው ረጅም ጥናት፣ ይህ ልክ ዝቅ ያለባቸው ሰዎች ቀደም ብለው እንደሚሞቱ አሳይቶአል።

የሠንጠረዡ ታሪክ ግን ሌላ ነው። ሐቺንሰን ሰዎችን በሥራቸውና በኑሮአቸው መድቦ ነበር። መሣሪያው አትላንቲክን ሲሻገር ምደባው በቆዳ ቀለም ሆነ። ካርትራይት የተባለ የዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ሐኪም በ1850ዎቹ የጥቁሮች ሳንባ ከነጮቹ 20 በመቶ ያንሳል ብሎ ጻፈ፤ ይህንንም ለባርነት ተገቢነት ማስረጃ አደረገው። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ፣ በ1869፣ ጉልድ የተባለው የሥነ ፈለክ ሊቅ የወታደሮችን ልኬት ሰብስቦ ባሳተመ ጊዜም ልዩነቱን በዘር ስም መዘገበ፤ ከባርነት የወጡት ሰዎች ምን በልተው፣ ምን ዓይነት ጭስና አቧራ ተንፍሰው እንዳደጉ ግን በሒሳቡ ውስጥ አልገባም። ከዚያ በኋላ ለጥቁሮች ከ10 እስከ 15 በመቶ መቀነስ የተለመደ ሕግ ሆኖ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች ውስጥ ሳይቀር ገባ። ይህን አሠራር ዓለም አቀፍ ተመራማሪዎች በ2022 ያለ ዘር ምደባ ባዘጋጁት ስሌት የለወጡት ሲሆን፣ የአሜሪካ የደረት ሕክምና ማኅበርም በ2023 እርሱን እንዲጠቀሙ ለአባሎቹ መክሮአል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ሆስፒታል ስፓይሮሜትር ተበላሽቷል ተብዬ ተጠራሁ። ነገሩ እንዲህ ነበር። በጥጥ አቧራ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሠራ አንድ ሠራተኛ በአንዱ መሣሪያ 76 በመቶ፣ በሌላው ደግሞ 86 በመቶ ወጣለት። የልኬቱን ክፍል የምትመራው ሲስተር የትኛውን ንባብ በካርዱ ላይ ልትጽፍ እንደሚገባ ተቸግራ ነበር። ከ80 በታች የሆነው ቁጥር ለሐኪሙም ለአሠሪውም አንድ ነገር ይናገራል፤ ከ80 በላይ የሆነው ሌላ ነገር ይናገራል። ሁለቱንም መሣሪያዎች በሦስት ሊትር መርፌ ፈተሽኋቸው፤ ስሕተታቸው ከተፈቀደው 3 በመቶ በታች ነበር። የሰውየውም ትንፋሽ በሁለቱ ላይ ያው 3.8 ሊትር ነው። ወደ ማስተካከያው ገጽ ስገባ ግን አንደኛው ከጤናማ ሰው 5 ሊትር፣ ሁለተኛው በዘር ቅናሽ 4.4 ሊትር ይጠብቅ ነበር። ብልሽት የለም፤ ሁለቱም በትክክል እየሠሩ ነው።

ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች መንገሻና መኮንን በ1985 ቶራክስ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ፣ ሲጋራ ለማያጨሱ ጤናማ ኢትዮጵያውያን ወንዶችና ሴቶች የስፓይሮሜትር ልክ አሳትመው ነበር። በሁለቱም መሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ፈልጌው አላገኘሁትም። ከሲስተርና ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረን ሁለቱን መሣሪያዎች ዘር በማይመድበው በ2022ቱ ስሌት ላይ አስተካከልናቸው፤ የከፍታውንም ቁጥር ሞላን። በካርዱ ላይም ከመቶኛው በፊት ሊትሩ፣ ከመቶኛው ቀጥሎ የሠንጠረዡ ስምና ዓመት እንዲጻፍ ተስማማን። ሠራተኛው የመጀመሪያ ንባቡ በካርዱ ላይ ተጽፎለት ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ እንዲለካ ቀጠሮ ተሰጠው።